የእርካብ ጠፍር በዐይን አይገዛም

በፈረስ ዕቃ ንግድ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ትንሽ፣ ኀላፊነቱ ግን ታላቅ የሆነው የእርካብ ጠፍር ነው። ኮርቻው ቢያረጅ መቀመጫው ይጎረብጣል፤ ግላሱ ቢያድፍ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ የእርካቡ ጠፍር ቢበጠስ ግን ፈረሰኛው ይወድቃል። ይህ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ከተሞች ጠፍሩ የሚሸጠውና የሚገዛው እንደ ተራ ቀበቶ ነው። ሻጩ የቀለሙን ማማር ያሳያል፤ ገዥው ዋጋው እንዲቀነስለት ይከራከራል፤ ቆዳው ከከብቱ ገላ ከየትኛው ወገን እንደ ተቆረጠና በምን እንደ ለፋ ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ ጉዳይ ለክቡራን ነጋዴዎች የማቀርበው አሳብ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ የእርካብ ጠፍር የሚያስመጣም ሆነ የሚያሠራ ነጋዴ የቆዳውን ጠባይ ለይቶ በጽሑፍ ማዘዝ ይገባዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቆዳ፣ ማልፊያ፣ የእጅ ባለሙያና ገዥ በጎጃም ደጋ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛልና፣ የጎደለው የሚያገናኘው ነጋዴ ብቻ ነው የሚል ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ያገራችን የጥንት ፈረሰኛ አብዛኛውን ጊዜ ጫማ ሳያደርግ ይጋልብ ስለ ነበረ፣ እርካቡ አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር። በእንግሊዝ ኮርቻ ግን ፈረሰኛው ጫማውን እንዳደረገ እግሩን በሰፊ የብረት እርካብ ላይ ያሳርፋል። ሲወጣም፣ ሲጋልብም፣ መሰናክል ሲዘልም የሰውነቱ ክብደት በጠፍሮቹ ላይ ይወድቃል። ጠፍሩ በኮርቻው ክንፍ ሥር ባለው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ በዘለበት ይቆለፋል፤ ሲያረጅም ኮርቻው ሳይፈታ ጠፍሩ ብቻውን ወጥቶ ይለወጣል። እንግዲህ አንድ መልካም ኮርቻ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ጠፍሩ ደጋግሞ ይለወጣል ማለት ነው። ሰፊ እርካብ የተገጠመለት ያገር ኮርቻም ቢሆን ከዚህ ሕግ አይወጣም። ለነጋዴው የማያቋርጥ ገበያ የሚሆነው ኮርቻው ሳይሆን ይህ መለዋወጫው ነው።

ለዚህ የሚሆነው ቆዳ በአራት ነገር ይታወቃል።

አንደኛ፤ በቆዳው ወገን። የአንድ ከብት ቆዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት አይደለም። በአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከትከሻው እስከ ጭራው ያለው ወገን ሥሩ የጠበቀ ስለ ሆነ ሸክም ይችላል፤ ቶሎም አይሳብም። የሆዱና የብብቱ ወገን ግን ልል ነው፤ ክብደት ባረፈበት ቍጥር ይረዝማል። የአንገቱ ቆዳ የተሸበሸበ ሲሆን፣ በእኛ አገር ከብት ላይ ደግሞ ሻኛው ያለበት ስፍራ እኩል ውፍረት አይኖረውም። ስለዚህ ጠፍር የሚቆረጠው ከጀርባው፣ ከአከርካሪው ጋር በትይዩ፣ በቁመቱ ነው። በአግድም የተቆረጠ ወይም ከሆድ የወጣ ጠፍር የቱንም ያህል ቢያምር ለእርካብ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ በአለፋፉ። ዛሬ በፋብሪካ የሚለፋው አብዛኛው ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ነው። ይህ ቆዳ ለስላሳ፣ ውኃ የሚችልና ቶሎ የሚደርስ በመሆኑ ለጫማ ፊትና ለልብስ እጅግ ይስማማል፤ ነገር ግን ይሳባል። በዛፍ ልጣጭ ኀይል የለፋ ቆዳ ግን ጠንካራና ቅርጹን የሚጠብቅ ነው፤ የተበሳውም ቀዳዳ አፉ ቶሎ አይሰፋም። ኮርቻና ልጓም ሠሪዎች ይህን ዐይነት የሚመርጡት ስለዚሁ ነው። ያልለፋው ያገራችን ጠፍር ደግሞ ደርቆ ሳለ ብርቱ ቢሆንም፣ ዝናም ሲያገኘው ይላላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይኮማተራል። ዕቃ ለመጠፈርና አልጋ ለመሥራት እንጂ ልኩ ሳይለወጥ መኖር ለሚገባው ለእርካብ አይመችም።

ሦስተኛ፤ በመጠኑ። ለዐዋቂ ሰው የሚሆነው የተለመደ ጠፍር ወርዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 137 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም 54 ኢንች፣ ውፍረቱም ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በዘለበቱ ላይ የሚታጠፈው ሲጨመር ከ145 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ ያልተቀጠለ ቆዳ ያስፈልጋል። ያገራችን ከብት ቆዳ በጠቅላላው ቀለል ያለ ስለ ሆነ፣ ይህን ቁመትና ውፍረት የሚሰጠው ትልቅ በሬ ነው። መካከሉ ላይ የተቀጠለ ጠፍር ግን በማናቸውም ዋጋ መሸጥ የለበትም።

አራተኛ፤ በአሠራሩ። በመልካም ጠፍር ላይ የቆዳው የጠጕር ወገን ወደ እርካቡ ብረት፣ የሥጋው ወገን ወደ ውጭ ይሆናል። ምክንያቱም ከብረቱ ጋር የሚፋተገው ጽኑው ወገን እንዲሆን ነው። ይህን የማያውቅ ገዥ ሻካራው ወገን በውጭ ሲታየው ተገልብጦ የተሠራ ይመስለዋልና ሻጩ ሊያስረዳው ይገባል። ስፌቱ ሰም በተቀባ ጠንካራ ክር ይሆናል። ቀዳዳዎቹ በመብሻ ክብ ሆነው ይበሳሉ እንጂ በካራ አይተረተሩም፤ የግራውና የቀኙ ጠፍር ቀዳዳም በልክ አንድ መሆን አለበት። ዘለበቱ የማይዝግና ምላሱ በቦታው የሚገጥም ይሁን።

ባለ ሱቁ ይህን ሁሉ ለመመርመር ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ጠፍሩን በጠጕሩ ወገን አጥብቆ ቢያጥፈውና ቢሰነጠቅ፣ ቆዳው ደርቋል ወይም ተቃጥሏል። ከጫፉ ጥቂት ቆርጦ ውስጡን ቢመለከት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ሊያይ ይገባዋል፤ በመካከሉ ነጣ ያለ ወይም ቀንድ የመሰለ መስመር ከታየ ማልፊያው ወደ ውስጥ አልደረሰም። ከአንድ ጭነት ሁለት ጠፍር መርጦ እኩል ክብደት አንጠልጥሎ ቢያሳድርና በማግሥቱ ቁመታቸውን ቢለካ፣ የሚሳበውን ካልተሳበው ይለያል። ይህ ፈተና ከአንድ ሌሊት በላይ ጊዜ አይወስድም፤ ከደንበኛ ጋር ከሚደረግ የዓመት ክርክር ግን ያድናል።

ይህን የምናገረው በጽሕፈት ሥራ በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰውን አስታውሼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አቅራቢ 12 ጥንድ የእርካብ ጠፍር መጣልን። ደረሰኙ ላይ «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ዕቃውም ጥቁር፣ አንጸባራቂና በጥሩ ወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ከክረምቱ በኋላ አንድ ደንበኛችን በዘለበቱ ማጠፊያ ላይ የተበጠሰ ጠፍር ይዞ መጣ፤ ክንዱም በጨርቅ ታስሮ ነበር። ያልተሸጠውን ጠፍር ቆርጠን ብናየው፣ የቆዳ ብጣሽ ተፈጭቶ በሙጫ ከተጋገረ በኋላ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን የተደረገበት ሆኖ አገኘነው። አሠሪዬ የቀረውን ከመደርደሪያ አንሥተው ለተጎዳው ሰው ገንዘቡን መለሱ። አቅራቢው ግን በትእዛዙ ላይ የቆዳው ዐይነት አልተጠቀሰም ሲል ተከራከረ፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃልም ለዚህ ክርክር በር የሚከፍት ነበር። «ቆዳ» የሚለው ስም ብቻውን ውል አይሆንም።

እንግዲህ መልካሙ ዕቃ ከወዴት ይመጣል? በውጭ አገር ስመ ጥር ከሆኑት መካከል በእንግሊዝ አገር የዋልሶል ከተማ ትገኛለች። ኮርቻ መሥራት ከከተማይቱ ኑሮ ጋር እጅግ ስለ ተዛመደ የኳስ ቡድኗ እንኳ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» በሚል ቅጽል ይጠራል። በዚያው አገር በዴቮን ኮሊተን ያለው የቤከር ቆዳ ፋብሪካ ቆዳውን በባሉጥ ልጣጭ በጕድጓድ ውስጥ የሚያለፋው ከዓመት በላይ በመታገሥ ነው። በሕንድ አገር ካንፑር ደግሞ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ እየሠራች ለዓለም ገበያ ታቀርባለች፤ ዋጋዋም ከእንግሊዙ የቀለለ ነው። ነገር ግን ከአንድ ከተማ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለምና፣ የከተማውን ስም አምኖ ማዘዝ በቂ አይሆንም። በመካከሉ የናይለን መጠናከሪያ የገባበት ጠፍርም አለ። ይህ ስለማይሳብ ብዙ ፈረሰኞች ይወዱታል፤ ስሙ ተገልጾ እስከ ተሸጠ ድረስም ነቀፋ የለበትም።

ነገር ግን ለሁልጊዜ ከውጭ እያስመጡ መኖር ለእኛ የሚገባ ነውን? እስቲ በደጃችን ያለውን እንመልከት።

ገበያውን ብንል፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጅባራ ከተማ አለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዚያው ነው፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተዋደቁትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። የማኅበሩ አባሎች በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው። በአዊ ምድር ፈረስ ለግልቢያ ብቻ ሳይሆን ለእርሻም ይጠመዳል፤ በከተሞቻችንም ጋሪ ይስባል። አዲስ አበባ ያሉት የእንግሊዝ ኮርቻ ተጠቃሚዎች ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ። ይህን ሁሉ ገዥ ትቶ ገበያ የለም ማለት አይቻልም።

ቆዳውን ብንል፣ ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪቃ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ናት። በጣና ዙሪያ የሚረባው የፎገራ ከብት በገላው ትልቅነት የታወቀ ነው፤ በጎጃምም ደልቦ የሚታረድ በሬ አይጠፋም። ሆኖም ቆዳው ከበሬው ገላ ሳይወጣ ገና ይበላሻል። የጅራፍ ጠባሳ፣ የቀንበር ቍስልና የመተኮሻ ምልክት ጀርባው ላይ ያርፋሉ፤ ጀርባው ደግሞ ለጠፍር የምንፈልገው ወገን ነው። ከዚያም በሚገፈፍበት ጊዜ ካራ ይቧጭረዋል፤ በመሬት ላይ ተወጥሮ በፀሐይ ሲደርቅም በከፊል ይበሰብሳል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በጥሬ ቆዳና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ የተጣለው፣ ቆዳው ባገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከጊዜ በኋላ እጅግ ወድቆ፣ በዐውደ ዓመት የታረደ ከብት ቆዳ ገዥ አጥቶ ሲጣል አይተናል። ዋጋ የሌለውን ዕቃ ማንም ተጠንቅቆ አይገፍፈውም። ቆዳው የሚሻሻለው ምክር ስለ ተሰጠ ሳይሆን ለመልካሙ የተለየ ዋጋ ሲከፈል ነው።

ማልፊያውን ብንል ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ለኮርቻ ቆዳ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት ማልፊያዎች አንዱ በንግድ ስሙ ሚሞሳ የሚባለው ነው፤ ይህም የሚወጣው ከአውስትራልያ ከመጣ የግራር ዘመድ ልጣጭ ነው። የደቡብ አፍሪቃ ናታል ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዛፉን ተክላ ትልቅ የንግድ ዕቃ አድርጋዋለች። የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ገበሬዎቻችን ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ፣ በአዊ በፋግታ ለኮማ ወረዳ በስፋት ተተክሏል። ልጣጩም ማልፊያ ያለበት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ዛፉ የሚፈለገው ለከሰል ነው። በቅርብ ዓመታት የዛፍ በሽታ ተክሉን ጎድቶ ገበሬውን አሳዝኖታል፤ ይህም ከአንድ ዛፍ አንድ ገቢ ብቻ መጠበቅ የማያስተማምን መሆኑን ያሳያል። እርግጥ የእኛ ልጣጭ ለወፍራም የከብት ቆዳ ምን ያህል እንደሚስማማ በትንሽ መጠን ተፈትኖ መታየት አለበት። ፈተናው ግን ጥቂት ኩንታል ልጣጭና ጥቂት ቆዳ እንጂ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም።

ባለሙያውን በሚመለከት አንድ ያረጀ ነውር መጥቀስ ግዴታ ነው። ቆዳ የሚያለፋውንና የሚሰፋውን ሰው «ፋቂ» እያሉ ማዋረድ ባገራችን ለብዙ ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ከገበያችን ፈጽሞ አልጠፋም። ልጁ የሚሰደብበትን ሙያ ለልጁ የሚያስተምር አባት የለም። ወስፌና ሰም የተቀባ ክር የሚያውቁት እጆች ሳያልቁ፣ ነጋዴው ሥራውን በማዘዝና ዋጋውን በሰዓቱ በመክፈል ክብራቸውን ሊመልስላቸው ይችላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። ይኸውም፣ የቆዳ ፋብሪካዎቻችን በበግና በፍየል ሌጦ፣ በጫማ ፊትና በክሮም ሥራ ላይ ያተኮሩ ስለ ሆኑ፣ ለጥቂት ደርዘን ጠፍር ብለው ወፍራም ቆዳ በልጣጭ አያለፉልንም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ መልሱም ከራሱ ከሒሳቡ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ጀርባ ያለው አንድ ቆዳ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ 24 ጠፍር ይወጣዋል። ጠባሳ ያለበት 6 ያህሉ ቢጣል እንኳ 9 ጥንድ ይቀራል። ነገር ግን የቆዳው ሆድና አንገት ይተርፋል። በጠፍር ብቻ የሚነግድ ሰው የሚከስረው በዚህ ትርፍራፊ ምክንያት ነው። ይህ ትራፊ ለጫማ ውስጥ ገበር፣ ለአፎት፣ ለቦርሳ ጎንና ለኮርቻ ክንፍ ይሆናል፤ ጀርባው ደግሞ ከእርካብ ጠፍር ሌላ ለልጓም፣ ለጋሪ መሣሪያና ለወገብ ቀበቶ ያገለግላል። እንግዲህ ኮርቻ ሠሪው፣ ጫማ ሠሪውና ቀበቶ ሻጩ አንድ ላይ ቢያዝዙ፣ ለፋብሪካው የሚበቃ መጠን ይሞላል። ለብቻው ሲጠይቅ የማይሰማው ነጋዴ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ሲጠይቅ ይሰማል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለክቡራን ነጋዴዎች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ከውጭ ለሚመጣውም ሆነ ባገር ውስጥ ለሚሠራው ጠፍር በትእዛዙ ላይ ይህ ቃል ይጻፍ፦ ከከብት ጀርባ በቁመቱ የተቆረጠ፤ ከዳር እስከ ዳር በልጣጭ የለፋ፤ ያልተቀጠለ፤ ወርዱ፣ ቁመቱና ውፍረቱ የተወሰነ፤ በናሙናው ልክ ካልሆነ የሚመለስ። የናሙናው ግማሽ በገዥው፣ ግማሹ በሻጩ እጅ ታሽጎ ይቀመጥ።

2ኛ፤ የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራና የባሕር ዳር ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት የወፍራም ቆዳ ፍላጎታቸውን ደምረው ለአንድ ፋብሪካ በኅብረት ትእዛዝ ያቅርቡ።

3ኛ፤ ቆዳ ሰብሳቢዎች ካራ ላልነካው፣ በጥላ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ለደረቀ ወይም በጨው ለተጠበቀ ቆዳ የተለየ ዋጋ ይክፈሉ፤ ልዩነቱንም በሱቃቸው በር ላይ ጽፈው ይለጥፉ።

4ኛ፤ የዲከረንስን ልጣጭ በማልፊያነት ለመፈተን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች፣ አንድ የቆዳ ፋብሪካና አንድ ደፋር ነጋዴ ይስማሙ።

5ኛ፤ ባለ ሱቁ ጠፍሩን ሲሸጥ አያያዙን ጨምሮ ይንገር። ጠፍር ከረጠበ በጥላ ይደርቃል እንጂ በእሳት ዳር አይሰቀልም። ቅባቱ በስሱ ይሁን፤ ብዙ ቅባት ቆዳውን አላልቶ ያስረዝመዋል። ፈረሰኛው ዘወትር በአንድ ወገን ስለሚወጣ በዚያ ወገን ያለው ጠፍር ይበልጥ ይሳባልና፣ ግራና ቀኙ በየጊዜው ይለዋወጥ። ቀዳዳው ከሰፋ፣ ስፌቱ ከተነሣ ወይም ማጠፊያው ከተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

ከአምስቱ መካከል አራተኛው ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ስምምነት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ግን ከአንድ የወረቀት መስመር በቀር ወጪ የለውም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ሊጀመር ይችላል። ገዥው ፈረሱን ሲጭን የሚያምነው ስሙን የማያውቀውን ፋብሪካ አይደለም፤ ጠፍሩን ከመደርደሪያ አውርዶ የሰጠውን ነጋዴ ነው።